ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፦ ቤተ ሙከራን በ“ደመና” ማድረስ ይቻላል?

የተሟላ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ፣ ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀት አሲድ ሲነካው ወደ ቀይ እንደሚለወጥ በቃሉ ያጠናል፤ ሲለወጥ ግን አላየም። ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ በተዘረጋው የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ምድር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃና ኬሚካል ገዝቶ ገጠር ድረስ ማጓጓዝ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ለዚህ ክፍተት እንደ አንድ አማራጭ የሚነሳው ምናባዊ እውነታ ወይም ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተሰኘው ቴክኖሎጂ ነው።

ተማሪው ዓይኑን የሚሸፍን መነጽር ያጠልቃል። በመነጽሩ ውስጥ በምስል የተሠራ ቤተ ሙከራ ይታየዋል፤ ጠርሙስ ያነሳል፣ ያቀላቅላል፣ ውጤቱን ይመለከታል። ይህ እንዲሆን መሣሪያው ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ምስል በሰከንድ ከ72 እስከ 90 ጊዜ መሳል አለበት። ረቂቅ ምስሎችን በዚህ ፍጥነት ለመሳል ደግሞ ኃይለኛና ውድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

ክላውድ የሚባለው አሠራር እዚህ ላይ ይመጣል። ስሙ ደመና ቢሆንም ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ በትልልቅ የመረጃ ማዕከላት የተደረደሩ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ አማካኝነት በኪራይ መጠቀም ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ውድ ኮምፒውተሮችን ከመግዛት ይልቅ ለተጠቀመበት ያህል ይከፍላል። አንድ ጊዜ የተዘጋጀ የኬሚስትሪ ሙከራም በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ለሚገኙ ተማሪዎች እኩል ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ርቀት ዋጋ አለው። ተማሪው አንገቱን ሲያዞር ምስሉ በ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ አብሮ ካልዞረ ራስ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይከተላል። በፋይበር መስመር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አማዞን በ2012 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የከፈተው የክላውድ ማዕከል ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሲለካ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ የመልእክቱ የደርሶ መልስ ጉዞ ብቻውን ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። በአንጻሩ ከአዲስ አበባ እስከ ነፋስ መውጫ ያለው ቀጥታ ርቀት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ የደርሶ መልስ ጉዞው 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። መስመሩ መንገድና ተራራ ተከትሎ ስለሚጠማዘዝ፣ በየመሐሉ ያሉ መሣሪያዎችም ስለሚያዘገዩት ጊዜው ከዚህ መርዘሙ አይቀርም። ያም ሆኖ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌ ክላውድም ሆነ በአዲስ አበባ የአይሲቲ ፓርክ የተገነቡ የግል የመረጃ ማዕከላት ለዚህ ዓይነት አገልግሎት ያላቸው ጠቀሜታ ከዚህ ይመነጫል።

ሁለተኛው እንቅፋት የመስመሩ ስፋት ነው። ምስሉ ሙሉ በሙሉ በክላውድ ተስሎ የሚላክ ከሆነ ለአንድ መነጽር በሰከንድ 50 ሜጋ ቢትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ አሥር ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ 500 ሜጋ ቢት ይሆናል። የኢትዮ ቴሌኮም የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ግንቦት 2014 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በአዲስ አበባ ነው። በገጠር ወረዳዎች ያለ ትምህርት ቤት ይህን ያህል አቅም ያለው፣ የማይቆራረጥ መስመር አገኛለሁ ብሎ ሊያቅድ አይችልም።

መፍትሔው ሥራውን መከፋፈል ነው። ከኮምፒውተር ጋር መገናኘት የማይሻው መነጽር ቀለል ያለውን ምስል ራሱ ይስላል። ክላውዱ ትምህርቱን ያከማቻል፣ ያሻሽላል፣ ለየትምህርት ቤቱ ያከፋፍላል። በትምህርት ቤቱ የሚቀመጥ አነስተኛ ሰርቨር ደግሞ ኔትወርኩ በማይጨናነቅበት ሌሊት ትምህርቱን ያወርዳል፤ ቀን መስመሩ ቢቋረጥም ትምህርቱ ይቀጥላል። እንደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያለ በዞኑ የሚገኝ ተቋምም የመካከለኛ ጣቢያነት ሚና ሊኖረው ይችላል።

ኢትዮጵያ ትምህርትን ከማዕከል የማሰራጨት ልምድ አላት። በ1990ዎቹ ማገባደጃ የተጀመረው የ“ፕላዝማ” ትምህርት በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፍ ነበር። መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት ያልፋል፤ ተማሪው ያልገባውን እንዲደግምለት ቴሌቪዥኑን ማስቆም አይችልም፤ መምህሩም ተመልካች ይሆናል። ሌሊት የወረደ ትምህርት ግን ይቆማል፣ ይደገማል፤ መቼና እንዴት እንደሚቀርብ የሚወስነውም መምህሩ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችም አሉ። መነጽሩ የተማሪውን የእጅና የራስ እንቅስቃሴ ስለሚመዘግብ መረጃው የት እንደሚቀመጥ መታወቅ አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ጉዳይ ነው። ምናባዊ ቤተ ሙከራ እውነተኛውን አይተካም፤ የአሲድን ሽታ፣ የጠርሙስን ክብደት፣ የእጅን ጥንቃቄ አያስተምርም። አደገኛ ወይም ውድ የሆነውን ሙከራ ግን ያለ ጉዳት ደጋግሞ ለመሞከር ያስችላል።

ስለዚህ መነጽር ከመግዛት በፊት መልስ የሚሹ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? መስመሩ ሲቋረጥ ትምህርቱ ይቀጥላል? መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ከየት ይመጣል? እነዚህ ካልተመለሱ ውዱ መነጽር በመጋዘን አቧራ ይለብሳል፤ ተማሪውም የሊትመሱን ቀለም በቃሉ ማጥናቱን ይቀጥላል።