የልብ ድካም ሕሙማን ጥማት፦ መንስኤውና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ጥማት ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ለሰው የሚያደርሰው ማሳሰቢያ ነው። ጤናማ ሰው ይህ ማሳሰቢያ ሲደርሰው ውሃ ይጠጣል፤ ጥማቱም ይረካል። የልብ ድካም ሕመም ባለበት ሰው ላይ ግን ማሳሰቢያው የተዛባ መልእክት ይዞ ሊመጣ ይችላል። እግሩ አብጦ፣ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ እያለ አፉ ይደርቃል፤ ጉሮሮውም ውሃ ውሃ ይለዋል።

በዚህ ሁኔታ ላይ የሚገኝ ሕሙም ጥማቱን ታዝዞ ያለ ልክ ቢጠጣ ሕመሙ ሊባባስበት ይችላል። ጥማቱን ደብቆ ብቻውን ለመቻል ቢሞክር ደግሞ እንቅልፉ ይታወካል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ መድኃኒቱንም እስከማቋረጥ ሊደርስ ይችላል። በመሆኑም ጥማት እንደ ትንፋሽ ማጠርና እንደ እግር እብጠት ሁሉ ለሐኪም ሊነገርና ክትትል ሊደረግበት የሚገባ የሕመሙ አንድ ገጽታ ነው።

የልብ ድካም ሲባል ልብ መሥራት አቁሟል ማለት ሳይሆን ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ተስኖታል ማለት ነው። የደም ግፊት፣ የልብ ደም ሥሮች መጥበብና የልብ ጡንቻ ሕመም ዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች ናቸው። በኢትዮጵያ በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚያስከትለው የልብ ቧንቧ ክዳኖች ጉዳት በርካታ ወጣቶችንና በሥራ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ዜጎችን ለዚሁ ሕመም ይዳርጋል።

ጥማቱ የሚመጣው በሚከተለው መንገድ ነው። ልብ የሚረጨው ደም ሲቀንስ ወደ ኩላሊት የሚደርሰውም ያንሳል። ኩላሊት ይህን ሰውነት ውሃ እንዳጣ አድርጎ ስለሚተረጉመው ሬኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። በዚህ መነሻነት የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን የተሰኘው ሆርሞን የደም ሥሮችን ከማጥበቡም በላይ በአንጎል ውስጥ የሚገኘውን የጥማት ማዕከል ይቀሰቅሳል።

አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ጨውና ውሃ በሽንት እንዳይወጡ ሲያደርግ፣ ከአንጎል የሚመነጨው ቫሶፕሬሲን ደግሞ ኩላሊት ውሃን ይዞ እንዲቆይ ያዛል። በዚህም የተነሳ በሰውነት ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ሕሙሙ እንደተጠማ ይቀራል። ውሃው ከጨው በላይ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም መጠን ይቀንሳል፤ ይህም በሕመሙ የከፋ ደረጃ ላይ የሚታይ አሳሳቢ ምልክት ነው።

መድኃኒቶችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። እንደ ፉሮሰማይድ ያሉ ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች የተጠራቀመውን ውሃ በማስወጣት ሕይወትን ይታደጋሉ፤ በአንጻሩም የጥማት ስሜትን ሊጨምሩ ይችላሉ። በትንፋሽ ማጠር ሳቢያ በአፍ መተንፈስ፣ በአፍንጫ የሚሰጥ ኦክስጅን፣ ጨው የበዛበት ምግብና የአየር ሙቀትም አፍን ያደርቃሉ። ከዚህ ሌላ የስኳር ሕመም ብርቱ ጥማት ስለሚያመጣ፣ አዲስ የተከሰተ ጥማት ሁሉ የልብ ድካም ነው ተብሎ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም።

ለበርካታ ዓመታት ለልብ ድካም ሕሙማን ይሰጥ የነበረው የተለመደ ምክር በቀን ከ1 ነጥብ 5 እስከ 2 ሊትር ከሚሆን ፈሳሽ እንዳያልፉ የሚል ነበር። ይሁንና የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ይህ ገደብ ለሁሉም ሳይሆን ሕመማቸው ለጸናባቸውና የሶዲየም መጠናቸው ለቀነሰ ሕሙማን ሊታሰብ የሚችል እርምጃ መሆኑን አመልክቷል። ሌሎቹም ቢሆኑ ከመጠን ያለፈ ፈሳሽ ከመውሰድ እንዲቆጠቡ መክሯል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱ ይፋ የሆነው በኔዘርላንድስ የተካሄደ ጥናት ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። ጥናቱ ሕመማቸው የተረጋጋና በተመላላሽነት የሚታከሙ 504 ሕሙማንን በሁለት ቡድን ከፍሎ፣ ለአንደኛው የ1 ነጥብ 5 ሊትር ገደብ በመጣል ሌላው እንደ ፍላጎቱ እንዲጠጣ ፈቅዷል። ከ3 ወራት በኋላ በሁለቱ ቡድኖች የጤና ሁኔታ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በጥማት ይበልጥ ሲቸገሩ የተገኙት ገደብ የተጣለባቸው ነበሩ።

ይህ ውጤት ግን ማንኛውም የልብ ሕሙም ያሻውን ያህል ይጠጣ ማለት አይደለም። በጥናቱ ገደብ ያልተጣለባቸውም ቢሆኑ በቀን የጠጡት በአማካይ ከ2 ሊትር ያነሰ ነው። ሕመማቸው ያልተረጋጋ፣ ሰውነታቸው ያበጠ ወይም ሶዲየማቸው የቀነሰ ሕሙማን ሁኔታም የተለየ ነው። ስለዚህ ሕሙማን የሐኪማቸውን ትእዛዝ በራሳቸው ፈቃድ ከመለወጥ ይልቅ የሚፈቀድላቸው መጠን ምን ያህል እንደሆነና ገደቡ አሁንም የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን በቀጠሯቸው ዕለት መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

መጠን የተወሰነለት ሕሙም በቀላሉ ሊከተለው የሚችለው ዘዴ የዕለቱን ውሃ ጠዋት በአንድ ዕቃ ለክቶ ማስቀመጥና ከዚያው በትንንሽ ሲኒ እየቀነሱ ቀኑን ሙሉ ማዳረስ ነው። ሻይ፣ ቡና፣ ወተት፣ አጥሚትና ሾርባ ሁሉ ከመጠኑ ይታሰባሉ። ጸበል የሚጠጡ ሕሙማንም የሚወስዱትን መጠን ለሐኪማቸው ማሳወቅና ከዕለቱ ድርሻ ጋር መቁጠር ይገባቸዋል።

ጥማትን ያለ ብዙ ውሃ ማስታገስም ይቻላል። አፍን በቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥሙጦ መትፋት፣ ትንሽ የበረዶ ቁራጭ ወይም የሎሚ ቅንጣቢ መምጠጥ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ፣ ጥርስን አዘውትሮ መቦረሽና ከንፈርን ማለስለስ የአፍ ድርቀትን ይቀንሳሉ።

ከሁሉም በላይ ጠቃሚ የሆነው ጨውን መቀነስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እንዲወስድ ይመክራል። በአገራችን ጨው በወጥ ላይ ከሚነሰነሰው ሌላ በበርበሬ፣ በሚጥሚጣ፣ በሽሮና በዳቦ ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንዳንድ አካባቢዎችም ቡናን በጨው ስለሚጠጡ መጠኑ ሳይታወቅ ይበዛል። ወጥ ሠሪው ለሕሙሙ ብቻ ከሚለይ ይልቅ የቤተሰቡን ምግብ በጠቅላላ ጨው ቢቀንስለት ለሁሉም ይበጃል። ከጨው ምትክ የሚሸጡ ፖታሲየም ያለባቸው ውጤቶች ግን ከአንዳንድ የልብ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ አደገኛ ስለሚሆኑ ያለ ሐኪም ፈቃድ መጠቀም አይገባም።

የጾም ወቅትም ልዩ ትኩረት ይሻል። እስከ ቀትር በኋላ ወይም እስከ ምሽት ሳይጠጡ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣትና የመድኃኒትን ሰዓት ማዛባት ሕሙሙን ለአደጋ ያጋልጣል። የኦርቶዶክስ ክርስትናም ሆነ የእስልምና እምነት የታመመን ሰው የሚታደግ ሥርዓት ስላላቸው ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር አስቀድሞ መመካከር ይጠቅማል።

“ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” እንደሚባለው በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀም ውሃም ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ነው የሚበዛው። ሕሙማን በየዕለቱ ጠዋት ከሽንት በኋላና ከቁርስ በፊት በመመዘን ሊደርሱበት ይችላሉ። በ3 ቀናት ውስጥ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የጨመረ፣ እግሩ ያበጠ ወይም ለመተኛት ትራስ መደረብ ያስፈለገው ሕሙም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በተቃራኒው ተቅማጥና ትውከት የያዘው ወይም በብርቱ ሙቀት ብዙ ያላበው ሕሙም በእርግጥም ውሃ ሊያንሰው ስለሚችል የፈሳሹም ሆነ የመድኃኒቱ መጠን በሐኪም ሊስተካከልለት ይገባል።

በሥራ ቦታ የሚስተዋለው ችግርም ቀላል አይደለም። በረጅም ስብሰባና በመስክ ጉዞ ላይ መጸዳጃ ቤት እንዳያገኝ የሚሰጋ ሠራተኛ ሽንት የሚያሸናውን መድኃኒት ሳይወስድ ሊውል ይችላል። የሥራ ኃላፊዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ባልደረባ ከስብሰባ መሐል መውጣትን ቢፈቅዱ፣ የሕክምና ቀጠሮውን ቢያከብሩለት፣ ሕመሙን የማወቅ ግዴታ የሌለባቸውም ሰዎች እንዳይሰሙት ምስጢሩን ቢጠብቁለት ብዙ ወጪ ሳያስወጣ ሠራተኛውን በሥራው ላይ ያቆየዋል። የመስተንግዶ ባህላችንም “ጠጣ እንጂ” ብሎ ከማስገደድ ይልቅ “ይበቃኛል” ያለውን ማክበር ይኖርበታል።

በጤና ተቋማት በኩልም ባለሙያዎች ስለ ትንፋሽና ስለ እብጠት እንደሚጠይቁት ሁሉ “ጥማት ያስቸግርሃል ወይ?” ብለው መጠየቅን የዘወትር ተግባራቸው ሊያደርጉት ይገባል። ጥያቄው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ መልሱ የመድኃኒት መጠን እንዲስተካከል፣ ያላስፈላጊነቱ የተጣለ ገደብ እንዲላላ ወይም እየተባባሰ ያለ ሕመም በጊዜ እንዲታወቅ ሊያደርግ ይችላል።