ሳይክሊን ካልፈረሰ

ስለ ካንሰር የሚወራው ሁሉ ስለ መብዛት ነው። ሴሉ ተባዛ፣ ልጓም በጠሰ ይባልና ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ጤነኛው ሴል በየጊዜው እንዴት እንደሚያቆም ነው። ይህን ጉዳይ የያዙት ሲዲኬ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ስለሚፈጩት ኢንዛይሞች ሁሉም ሰው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቃል፤ የሰውነቱን ሴል ሁሉ ስለሚያዝዙት ስለ እነዚህ ግን የሰማ ጥቂት ነው።

መሠረቱ አጭር ነው። ሴል ያድጋል፣ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፣ ቅጂው መሟላቱን ያጣራል፣ ከዚያ ለሁለት ይከፈላል። ሲዲኬ ፎስፌት የሚባል ቅንጣት ኤቲፒ ከሚባል ሞለኪውል ላይ እያነሳ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ይለጥፋል፤ የተለጠፈበት ፕሮቲን ጠባዩ ይለወጣል። ሲዲኬ 4 እና 6 ጉዞውን ያስጀምራሉ፣ ሲዲኬ 2 በዲኤንኤ ግልበጣው ይሠራል፣ ሲዲኬ 1 ክፍፍሉን ይመራል። አንዳቸውም ግን ሳይክሊን የሚባል ፕሮቲን ካልተጣመራቸው አይሠሩም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዛዊው ቲም ሀንት አሜሪካ ውስጥ በዉድስ ሆል የባሕር ምርምር ጣቢያ የባሕር ጃርት እንቁላል ይመረምር ነበር። እንቁላሉ ውስጥ የሚሠሩት ሌሎች ፕሮቲኖች እየተጠራቀሙ ሲሄዱ አንደኛው ብቻ ያድግ ያድግና ሴሉ ሲከፈል ድንገት ይጠፋል፤ ከዚያ እንደገና ከምንም ይጀምራል። ሳይክሊን ማለት ያ ነው። ሴሉ ደክሞ የሠራውን ፕሮቲን በሰዓቱ ራሱ ያፈርሰዋል። ሳይፈርስ ሲዲኬ 1 አያርፍም፣ ሲዲኬ 1 ካላረፈም ክፍፍሉ አያልቅም።

ሌላው እንግሊዛዊ ፖል ነርስና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1987 የሰውን ሲዲኬ 1 ጂን፣ የራሱ ጂን በተበላሸበት እርሾ ውስጥ ቢያስገቡት እርሾው መከፈሉን ቀጠለ። እርሾው መጀመሪያ የታወቀው ከምሥራቅ አፍሪካ የእህል ጠላ ውስጥ ተለይቶ ነው። ከእነሱ በፊት አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል የሴል ክፍፍልን ጂኖች የለቀመበት እርሾ ደግሞ የእኛን ጠጅ ከሚያፈላው ዘር ነው። ሦስቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ፤ እርሾዎቹ ግን አልተሸለሙም።

የሴሉ ጉዞ እንዴት እንደሚጀመር የአዲስ አበባውን መገናኛ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ወደ ኮተቤ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶም ቢሆን ተራ አስከባሪው ሳንቲሙን ሳይቀበል አይለቀውም። በሴል ውስጥ ተራ አስከባሪው አርቢ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሲዲኬ 4 እና 6 ፎስፌቱን ሲከፍሉት ይለቃል፣ ዲኤንኤ መገልበጥ ይጀመራል። በብዙ የጡት ካንሰሮች ከፋዩ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ፓልቦሲክሊብ እነዚህን ሁለት ኢንዛይሞች ስለሚያግድ ክፍያው ይቋረጣል። በማህፀን በር ካንሰር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ኢ7 በሚባል ፕሮቲኑ ተራ አስከባሪውን ከነጭራሹ ያስወግደዋል። ጠባቂ በሌለበት ከፋዩን መከልከል ዋጋ የለውም፤ ፓልቦሲክሊብ አርቢን ባጣ ሴል ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው ይኸው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ክትባት ቫይረሱ አርቢ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይቀድመዋል። «ልጄ ገና ናት፣ ምን አገናኛት» የሚሉ ወላጆች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፤ ክትባቱ የሚጠቅመው ገና ሳሉ ሲሰጥ ነውና።

ወደ ማቆሙ ልመለስ፤ የእንጦጦና የየካ ተራሮች ተጓዥ እሾሁ ልብሱን ሲይዘው ረግሞት የሚያልፈው አጣጥ እዚህ ላይ ይመጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እያስለቀመ ሲያስመረምር፣ ከኢትዮጵያ ከሄዱት ናሙናዎች አንዱ የአጣጥ ወገን ነበር። ሞሪስ ኩፕቻን የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ከዚያ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ።

ሜይታንሲን የሚሠራበት መንገድ ሳይክሊንን ለሚወድ ሰው ትልቅ ደስታ ነው። ሴል ሲከፈል ማይክሮቱቡል የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ክሮሞሶሞቹን ይዘው ወደ ሁለት ጫፍ ይጎትታሉ። አንድ ክሮሞሶም እንኳ ከክሩ ጋር ሳይያያዝ ከቀረ፣ የሴሉ ቁጥጥር የሲዲኬ 1 አጣማጅ የሆነው ሳይክሊን ቢ እንዳይፈርስ ይከለክላል። ሁሉም ሲያያዙ ክልከላው ይነሳል፣ ሳይክሊን ቢ ይፈርሳል፣ ሲዲኬ 1 ያርፋል፣ ሴሉም ሁለት ይሆናል። ሜይታንሲን ክሮቹ እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል። ክር ከሌለ መያያዝ የለም፣ ስለዚህ ሳይክሊን ቢ አይፈርስም፣ ሲዲኬ 1 እንደሠራ ይቀራል። ሴሉ ክፍፍሉ መሃል ላይ ለሰዓታት ተገትሮ ይቆይና አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ንጥረ ነገሩ ኢንዛይሙን ጨርሶ አልነካውም፤ የሚያርፍበትን በር ብቻ ዘጋበት። እንግዲህ «ካንሰርን ለማጥፋት የሚያባዛውን ኢንዛይም መግደል ነው» የሚለው ብልሃት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እዚህ ሴሉን የገደለው ኢንዛይሙ አለማረፉ ነው።

ይህን የምለው ግን ነገ አጣጥ ቆፍራችሁ እንድትቀቅሉ አይደለም። መገናኛ አስፋልት ዳር በፌስታል የታሰረ የሥር ዱቄት የሚሸጡ እናት አጋጥመውኛል።

«እማማ፣ ይህ የምን ሥር ነው?»

«የአጣጥ ነው ልጄ። ለነቀርሳ ነው፣ በማር አርገህ ነው።»

«ምን ያህል ይወሰዳል?»

«እንደ በሽታው።»

እንደ በሽታው! በአገራችን አጣጥ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ብዙ ዝርያ ናቸው። ኩፕቻን በመረመረው ተክል ውስጥ እንኳ የነበረው ሜይታንሲን በአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል አንድ ሚሊግራም አይሞላም። ስለዚህ ፌስታሉ ውስጥ ምንም ላይኖር ይችላል። ካለ ደግሞ ካንሰሩን ለይቶ አይመታም፤ የአንጀት ሽፋንም የአጥንት መቅኔም የሚታደሱት በዚያው ሲዲኬ 1 ነው። ንጹሑ ሜይታንሲን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሕሙማን ላይ ሲሞከር ያስከተለው ጉዳት ከጥቅሙ ስለበለጠ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ሊፈቀድ የቻለው፣ የሜይታንሲን ዘር የሆነው ንጥረ ነገር ኸር 2 የሚባለውን ፕሮቲን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ ነው። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ይባላል፤ ይህ ፕሮቲን የበዛበትን የጡት ካንሰር ሴል ፈልጎ ውስጡ ይገባና መርዙን እዚያ ይለቃል። ከተክሉ እስከዚህ መድኃኒት 41 ዓመት ፈጅቷል፤ ዓመታቱ ያለፉት ፌስታል ውስጥ የሌለውን ነገር፣ ማለትም መጠንንና አድራሻን፣ በመፈለግ ነው።

ሕክምና ላይ ሆኖ ሥር መጠጣቱን ሐኪሙ እንዳይቆጣው የሚደብቅ ሰውም አለ። ፓልቦሲክሊብን ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ሌላ ኢንዛይም ነው፤ አንዳንድ ዕፅዋትና ግሬፕፍሩትን የመሳሰሉ ፍሬዎች ያንን ኢንዛይም ሲያግዱት መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከልክ በላይ ይጠራቀማል፣ ሌሎች ዕፅዋት ሲያበረቱት ደግሞ ሳይሠራ ያልቃል። ቁጣው በአምስት ደቂቃ ያልፋል፤ ፌስታሉን ይዛችሁ ግቡና ለሐኪሙ አሳዩት።