የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ የነበረና ለዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነ አነስተኛ የአርትስና የሳይንስ ኮሌጅ ነው። መጋቢት 11 ቀን 1942 ዓ.ም. (20 ማርች 1950 እ.ኤ.አ.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ተመሠረተ።

ኮሌጁን ያደራጁትና የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው፤ ቀድሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ኢየሱሳውያን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር መባረራቸው አልተረሳም ነበርና፣ ካናዳውያኑ መምህራን ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተከልክለው እንደ ማንኛውም ሲቪል ለብሰው ያስተምሩ ነበር።

ሲጀመር የተቀበለው 33 ተማሪዎችን ብቻ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ሁለተኛ ደረጃ መጨረስን ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በአዲስ አበባና አካባቢዋ ስለነበሩ፣ ከአንኮበር የሚነሣ ልጅ አስቀድሞ ዋና ከተማ ገብቶ መማር ነበረበት። የኮሌጁ ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ በግቢው እየኖሩ ይማሩ ነበር። ኮሌጁ ቻርተር ያገኘው ሐምሌ 21 ቀን 1946 ዓ.ም. ነው።

ከኮሌጁ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ምናልባት የኢትኖሎጂ ማኅበሩ ነው። በፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስታኒስላው ኾይናትስኪ አስተባባሪነት ተማሪዎች የየአገራቸውን ሠርግ፣ ለቅሶና ሌላም ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያሳትሙ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ሥራቸው ከዚህ ይመዘዛል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1950 ዓ.ም. ለአፍሪካውያን የነጻ ትምህርት ዕድል ከሰጡ በኋላ ከሌሎች አገሮች የመጡ ወጣቶች ኮሌጁን ተቀላቀሉ፤ የፖለቲካ ወሬም አብሯቸው ገባ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ተማሪዎቹ ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት በኮሌጁ በዓል ላይ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አነበበ። ኮሌጁ ለመንግሥት ታማኝ ሹማምንትን እንዲያፈራ ታስቦ ነበር፤ ከኢትዮጵያ የተማሪዎች ንቅናቄ መነሻዎች አንዱም እርሱ ሆነ።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ ከጎንደር የጤና ኮሌጅና ከሌሎችም ጋር ተዋሕዶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዋናው መቀመጫ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት ስድስት ኪሎ በሚገኘው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ የአራት ኪሎው ግቢ የሳይንስ ፋኩልቲ ሆነ።