እውነት ወይስ ተረት? የዴንተን ባለአንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች

ተረት፦ «መንግሥት በሆምስቴድ ሕግ ለሰፋሪው መሬት አደለ፤ ለትምህርት ቤትም ቆርሶ አስቀመጠ።»

ለካንሳስና ለነብራስካ እውነት ነው። ዴንተን ግን ያለችው ቴክሳስ ውስጥ ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1845 ወደ አሜሪካ ስትቀላቀል መሬቷን ለፌዴራሉ መንግሥት አላስረከበችም፤ ስለዚህ የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ እዚህ አልሠራም። ከአካባቢው ቀደምት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ የመጡት ፒተርስ ኮሎኒ በተባለ የሰፈራ ውል ነው፤ ለባለትዳር እስከ 640፣ ለላጤ እስከ 320 ኤከር ይሰጥ ነበር።

ትምህርት ቤቱንም ማንም አምጥቶ አልሰጣቸውም። በ1876ቱ የቴክሳስ ሕግ ወላጆች በየዓመቱ ተሰባስበው፣ የልጆቻቸውን ስም ዘርዝረው ለካውንቲው ዳኛ ያመለክታሉ። ዳኛው ሦስት ባለአደራዎች ይሾምላቸዋል። ዘንድሮ የተከፈተው ትምህርት ቤት ለከርሞ እንዲኖር እንደገና ማመልከት ግድ ነው። ቋሚ ወሰን ያለው የትምህርት ወረዳ የመጣው በ1884ቱ ሕግ ነው። ማሳ እያረሱ፣ አጨዳ እየደረሰባቸው፣ በየዓመቱ ከዜሮ መጀመር! እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ጽናት ነው።

ተረት፦ «ትልቅና ትንሽ ተደባልቆ ምን ይማራል?»

የኔታ ዘንድ የተማረ ሰው ይህን አይጠይቅም። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፣ የበረታው ታናሹን ያስጠናል። በዴንተንም እንዲሁ ነበር። ልጁ ተራው ሲደርስ ከፊት ወዳለው አግዳሚ ወጥቶ ያጠናውን በቃሉ ያሰማል፤ ታናናሾቹ ገና ያልደረሱበትን ትምህርት በጆሯቸው ይለቅማሉ። መምህራንም እዚያው መሠልጠን ጀመሩ፤ በ1890 ጆሹዋ ቺልተን የተባለ ሰው ዴንተን አደባባይ ላይ፣ ከአንድ የብረታ ብረት መደብር ፎቅ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። የዛሬው የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው።

ተረት፦ «በሩ ለሁሉም ልጅ ክፍት ነበር።»

አልነበረም። የ1876ቱ ሕገ መንግሥት ነጭና ጥቁር ልጆች ለየብቻ እንዲማሩ ደነገገ። የዴንተን ጥቁር ነዋሪዎች በፍሬድ ዳግላስ ትምህርት ቤት ዙሪያ ኳከርታውን የተባለ ሰፈር አቆሙ። ትምህርት ቤቱ በ1913 ተቃጠለ። በ1921 ደግሞ የከተማው መራጮች ሰፈሩ ተነሥቶ መናፈሻ እንዲሆን ወሰኑ፤ ቤተሰቦቹም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዴንተን ተገፉ። ከሰፈሩ ቤቶች አንዱ ዛሬ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ሆኗል፤ ገብቶ ማየት ይቻላል።