የደጋው ጎርፍ ለሸዕብ ገበሬ

2300 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የአሥመራ አምባ ተነሥቶ ወደ ምጽዋ የሚወርድ መንገደኛ፣ ብርዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ሐሩር ሲለወጥበት፣ በዚያ ቆላ እህል ይበቅላል ብሎ ለመገመት ይቸገራል። ከምጽዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በሸዕብ የዓመቱ ዝናም 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ የአካባቢው ገበሬ ያለ ማዳበሪያና ያለ ውሃ መሳቢያ ሞተር ማሽላና በቆሎ ሲያመርት ኖሯል።

ምሥጢሩ ያለው በደጋው ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደጋው ላይ የሚጥለው ዝናም በዋዲ ላባ በኩል ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ጎርፉ ብዙውን ጊዜ በማታ ወይም በሌሊት ደርሶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልፋልና የተኛ ሰው ዓመቱን ያጣል። ገበሬዎቹ አስቀድመው ከግራር ቅርንጫፍ፣ ከድንጋይና ከአፈር በሠሩት «አጊም» በሚባል ክትር ውሃውን ጠልፈው በየተራ ወደ እርሻቸው ይመሩታል። በእርከን የታጠረው ማሳ ደጋግሞ ይጠጣል፤ ጎርፉ ያመጣው ደለልም መሬቱን ያዳብራል። በመስከረም የተዘራው ማሽላ ሌላ ውሃ ሳይሻ፣ ጥልቁ አፈር በያዘው ርጥበት ብቻ ይደርሳል። ከታጨደ በኋላም ጉቶው እንደገና አቆጥቁጦ ሁለተኛ ምርት ይሰጣል።

አጊም ደካማ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ድካሙ ጥቅምም እንዳለው እናምናለን፤ ከመጠን ያለፈ ጎርፍ ሲመጣ እንደ ኤሌክትሪክ ፊውዝ ራሱ ተበጥሶ ማሳውን ከጥፋት ያድናልና። ዕዳው ሌላ ነው። በፈረሰ ቁጥር መልሶ ለመሥራት በሬና ግመል፣ የብዙ ሰው ጉልበት፣ ከሁሉም በላይ ግራር ይጠይቃል፤ ግራሩም ከወንዙ ዳር እየሳሳ ሄዷል።

በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በዋዲ ላባ ላይ የኮንክሪት መጥለፊያ ተሠራ። ዛፉን ለማዳን የታሰበው ሥራ የሚደገፍ ነው፤ ሆኖም በኃይለኛ ጎርፍ እንዲበጠስ ተብሎ ከጎኑ የተሠራውን የአፈር ግድብ መልሶ ለመትከል ቡልዶዘር ያስፈልጋል። ቡልዶዘሩም ነዳጅና መለዋወጫ ይሻል። ገበሬው ቀድሞ ጎረቤቱን ጠርቶ ይፈጽመው የነበረውን ጥገና፣ መኪናው እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ሆነበት፤ የሚቀጥለው ጎርፍ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ከኮንክሪቱ ጎን ለጎን በወንዙ ዳር ግራር ቢተከል ኖሮ፣ መኪናው በዘገየበት ቀን ገበሬው እጁን አጣጥፎ ባልተቀመጠ ነበር።