ቤቱን ይዞ የሚዞር ሰው ጥያ ላይ ለምን አያድርም?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ተመላልሳችሁ ከሆነ ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። ቁመቱ አይሱዙ የሚያክል፣ ጣሪያው ላይ ሶላር የተነጠፈበት፣ ከኋላው መሰላልና ትርፍ ጎማ የተንጠለጠለበት፣ ታርጋው የሌላ አገር የሆነ መኪና። ጥያ ላይ ከአስፋልቱ ይወጣል፣ ትክል ድንጋዮቹ ጋ ይቆማል፣ ሁለት ፈረንጆች ይወርዳሉ። ትንሽ ይዞራሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ አርባ ምንጭ እያሉ ይወርዳሉ።

ለእነዚህ ሰዎች መኪናው መጓጓዣ ብቻ አይደለም፣ ቤታቸው ነው። እኛ «የቤት መኪና» የምንለው የግል አውቶሞቢልን ነው፤ ይሄኛው ግን መኪና የሆነ ቤት ነው። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ አንዳንዱ ላይ ሻወር ሳይቀር አለው። አገራቸው ያለውን ቤት ሸጠው ወይም አከራይተው ዓመቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ የሚኖሩ አሉ።

ቲክቶክ ላይ ይህን ኑሮ የሚያሳይ ቪዲዮ በመጣ ቁጥር ኮሜንቱ «በቃ እኔም እንዲህ ነው መኖር የምፈልገው» በሚል ይሞላል። እውነቱን ለመናገር እኔንም ያስቀናኛል (መንጃ ፈቃድ እንኳን የለኝም)። ግን ቪዲዮው የሚያሳየን በሩ ተከፍቶ ባሕር ሲታይ ነው። የቀረውን ሰዓት ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ እንየው።

ውኃ ሲፈልጉ ነው የሚውሉት። የመኪናው ጋን 100 ሊትር ይይዛል እንበል፤ አምስት ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። ሁለት ሰው ሲታጠብበት፣ ሲያበስልበት፣ ዕቃ ሲያጥብበት ቆጥበውም ቢሆን በቀን 30 ሊትር ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቧንቧው «ፍስስ» ይላል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

መብራቱን ደግሞ በስልክ ልንገራችሁ። 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በስሌት 1,200 ዋት-ሰዓት ጉልበት አለው። ተራ የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ከግማሽ በታች ባወረዳችሁት ቁጥር ዕድሜው ስለሚያጥር፣ እጃችሁ ላይ ያለው 600 ገደማ ብቻ ነው። ስልክ አንዴ ለመሙላት 15 ዋት-ሰዓት ቢበላ 40 ጊዜ ቻርጅ ታደርጋላችሁ። ብዙ ይመስላል አይደል? አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ስትጨምሩበት ግን እሷ ብቻ በቀን ከ300 በላይ ልትወስድ ትችላለች። ክረምት ላይ ደመናው ሶላሩን ከጋረደው በሁለተኛው ቀን ወይ ፍሪጁን ታጠፋላችሁ፣ ወይ ባትሪ ለመሙላት ብላችሁ ነዳጅ ታቃጥላላችሁ።

ሽንት ቤቱስ? ብዙዎቹ 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ የሚወጣና የሚገባ ሣጥን ነው የሚጠቀሙት። ሲሞላ ተሸክሞ የሚደፋው ባለቤቱ ነው። ይቺን ቪዲዮ እስካሁን ማንም ፖስት ሲያደርጋት አላየሁም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ነው፤ ዛሬ የት እናድራለን? ለዚህ አይኦቨርላንደር የሚባል አፕ አላቸው። ተጓዦች ያደሩበትን ቦታ ካርታው ላይ ያስገባሉ፤ ውኃ አለ የለም፣ ጥበቃ አለ የለም፣ ሌሊት ውሻ ይጮኻል፣ ሰው መጥቶ ያስነሳል። ቀጣዩ ተጓዥ ይህን አንብቦ ነው የሚወስነው። ይህን አፕ ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሰዎቹ እነማን ናቸው? አንድ ዓይነት አይደሉም። ጀርመናዊው ጉንተር ሆልቶርፍ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አፍሪካን ለመዞር ወጣ፤ ሐሳቡ ዓመት ተኩል ነበር። የቆመው በ2014 ነው። በአንድ መርሴዲስ ጂፕ ወደ 900 ሺህ ኪሎ ሜትር ነዳ፤ የሚያድሩት ከኋላ በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ነበር። ለረጅም ጊዜ አብራው የተጓዘችው ባለቤቱ ክሪስቲን በ2010 ሞተች፤ እሱ ግን ጉዞውን ቀጠለ። «ኦቶ» የሚል ስም ያወጡላት መኪና ዛሬ ሽቱትጋርት በሚገኘው የመርሴዲስ ሙዚየም ቆማለች።

በሌላ በኩል ኖማድላንድ የሚለውን ፊልም ያየ ሰው የአሜሪካኖቹን ታሪክ ያውቃል። ፊልሙ በ2021 በኦስካር ምርጥ ፊልም ተብሏል፤ መነሻው ጄሲካ ብሩደር የጻፈችው መጽሐፍ ነው። እዚያ ያሉት መኪና ውስጥ የገቡት ለሽርሽር አይደለም። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ጡረታቸው ለቤት ኪራይ ያልበቃ፣ በዓል ሲደርስ የአማዞን መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚለቅሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ሁለቱም «መኪና ውስጥ መኖር» ይባላል፤ የሚለያቸው መመለሻ ቤት መኖሩ ነው።

የእኛ ሰውስ? ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢ ዕቃችን የሚመጣው በጅቡቲ ነው። ያንን ከሚያመላልሱት የከባድ መኪና ሹፌሮች ብዙዎቹ ካቢን ውስጥ ይተኛሉ፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ ሲረዝም ሙቀቱን ሽሽት ተሳቢው ሥር ያነጥፋሉ፣ ጀሪካንና ምድጃ ይዘው ከረዳታቸው ጋር ያበስላሉ። አሜሪካ ረጅም ርቀት ትራክ የሚነዱ ሐበሾችም ሳምንታት ካቢን ውስጥ ይከርማሉ። ሃሽታግ ስላልለጠፉበት ነው እንጂ ኑሮው ያው ነው።

ተሳቢ ቤቶች አገራችንን ያዩትም ዛሬ አይደለም። ኤርስትሪም የሚባለውን የብር መልክ ያለው ተጎታች ቤት የሚያመርተው ኩባንያ መሥራች አሜሪካዊው ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ጉዞ መርቶ ነበር። 41 ተሳቢ ቤቶች፣ ከ100 በላይ ሰዎች! ከኬንያ ተነስተው በደቡብ በኩል ኢትዮጵያ ገቡ፤ አዲስ አበባ ላይም ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። መጨረሻ ላይ ካይሮ ደርሰው ፒራሚዶቹ አጠገብ ተሳቢዎቹን ክብ ሠርተው አቆሙ። አስፋልት በሌለበት ዘመን ያን ሁሉ ቤት እየጎተቱ መምጣት አስቡት።

ዛሬ አስፋልቱ አለ፤ መንገዱ ግን ተቆርጧል። ከካይሮ የሚነሳ ሰው በሱዳን አቋርጦ በመተማ ይገባ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ይህ መስመር ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት ተባባሰ። አሁን አንዳንዱ መኪናውን በመርከብ ጭኖ ሞምባሳ ያወርዳል፣ ሌላው በምዕራብ አፍሪካ በኩል ይሄዳል። ወደ እኛ ለመምጣት የቀረው ዋና በር ሞያሌ ነው፤ ከኬንያ የመጣ ሹፌር ድንበሩን ሲሻገር ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ይቀይራል፣ ካልረሳ። ብዙዎቹ ካርኔ የሚባል ሰነድም ይይዛሉ፤ «መኪናዋን እዚህ አልሸጣትም፣ ይዣት እወጣለሁ» የሚል የዋስትና ወረቀት፣ የመኪና ፓስፖርት በሉት።

«ኪራይ ሰልችቶኛል፣ ሚኒባስ ገዝቼ ልኑርበት ወይ?» ለምትሉ፣ አልጋ መግጠሙ ቀላሉ ነው። የቀበሌ መታወቂያ የቤት ቁጥር ይፈልጋል። ሌሊት መንገድ ዳር የቆመ መኪና ሌባም ፖሊስም ያንኳኳዋል። ለሴት ልጅ ደግሞ እጥፍ ይከብዳል።

ወደ ጥያ ልመለስ። ቦታው ትንሽ አይደለም፤ 36 ድንጋዮች፣ 32ቱ ሰይፍና ሌላ ምልክት የተቀረጸባቸው፣ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ። ግን ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁሉም አይቶት ያልፋል። ቆሞ የሚያልፍ መኪና የሚገዛው ትኬት ነው፤ ቢበዛ ቡና ይጠጣል። የሚያድር መኪና ግን እንቁላል፣ ዳቦ፣ ቲማቲም ይገዛል፣ ልብስ ያሳጥባል፣ ጎማ ያስለጥፋል፣ ለጥበቃ ይከፍላል። ወደድነውም ጠላነውም ገንዘቡ ያለው ሌሊቱ ላይ ነው።

ለዚህ ደግሞ ሆቴል መሥራት አያስፈልግም፤ አልጋውን ይዞት መጥቷል። አዲስ አበባ ለገሃር አካባቢ ዊምስ ሆላንድ ሃውስ የሚባል ቦታ ለዓመታት የእነዚህ ተጓዦች መገናኛ ነበር፤ ዋናው የሚፈልጉት መኪና አስገብተው የሚያድሩበት ግቢ ነው። ሜዳ የሆነ፣ አጥርና በር ያለው፣ ንጹህ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ዘበኛ። ጥያ ወይም ቡኢ ላይ ሰፊ ግቢ ያለው ቤተሰብ ይህን ማሟላት አያቅተውም። ያዙልኝ ያልኳችሁ አፕ ላይ ቦታውን ማስገባት ደግሞ በነጻ ነው፤ የመጀመሪያው እንግዳ ራሱ ጽፎላችሁ ይሄዳል።

ተጓዡ ባሁኑ ጊዜ ጥቂት ነው፣ አልዋሽም። በሞያሌ የሚመጣው ግን ወደ አዲስ አበባ ሲወጣም ሲመለስም ይህን መንገድ ሊይዝ ይችላል፤ ቅዳሜ ድንኳን ጭኖ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ወጣትም አለ። ጥያ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ውስጥ ያሉት ብርድ ልብስ ደራርበው ይተኛሉ። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ከድንጋዮቹ ቀድመው የሚጠይቁት ውኃ የት እንደሚቀዳ ነው።