ተጨማሪ መረጃ፦ «ዲባባ» ሁሉ እህትማማች ነው?

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ሱሉልታ የሯጮች መንደር ናት፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራውም እዚሁ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ማለዳ «ዲባባ!» ብሎ የተጣራ ሰው ማን ዞር እንደሚልለት እርግጠኛ መሆን አይችልም።

ነሐሴ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. በቤይጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ገንዘቤ ዲባባ በ1,500 ሜትር ወርቅ አገኘች። በአምስተኛው ቀን ማሬ ዲባባ በማራቶን ደገመችው። በ2008 ዓ.ም. የሪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ ገንዘቤ ብር፣ ማሬና ጥሩነሽ ዲባባ ነሐስ አጠለቁ።

ሦስቱም ግን የአንድ አባት ልጆች አይደሉም። ገንዘቤና ጥሩነሽ፣ በ1996ቱ የአቴንስ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ብር ካገኘችው እጅጋየሁ ጋር፣ የአርሲ በቆጂ እህትማማቾች ናቸው። ማሬና የቶኪዮ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈችው ብርሃኔ ዲባባ ግን ከእነሱ ጋር ዝምድና የላቸውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በእኛ አገር ከስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም።

ተቃራኒውም አለ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ በስም ባትገናኝም የእነጥሩነሽ የሥጋ ዘመድ ናት።